ሠላሳ ስምንት ሜትር ቱቦ

የአክስቴን ጥፍር አይቶ የሳምንቱን ሥራ ማወቅ ይቻላል። ቀይ ከሆነ የመጋረጃ ክር ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ የተማሪ ሹራብ፤ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የአልጋ ልብስ ጥለት። ክር አቅላሚ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግቢያችን ጓሮ ባለችው አሮጌ ቤት ውስጥ ክር ስትቀቅል፣ ስትነክር፣ ስታሰጣ ኖራለች። ጓንት አድርጊ ስትባል «ቀለሙ መያዙን በጣቴ ካላወቅሁት በምን ላውቀው ነው?» ትላለች። ፎቶ ስንነሳ ብቻ እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳታል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተሩን ሸፍና ያሳደገችው እሷ ናት። እስከ ዛሬም «እታለም» ነው የሚላት። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ አባቴ አንድ ነገር ሲፈልግ ያረዝማታል።

አያቴ ግንበኛ ነበሩ። የፊቱን ትልቁን ቤት፣ የጓሮውን ትንሿን ቤትና ከፊት በር አጠገብ ያለውን ሴፕቲክ በእጃቸው ነው የሠሩት። ያኔ አክስቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ሲሚንቶ አቡክታለች። የሴፕቲኩ አፍ ስንት ሳንቲ ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ የትኛው ድንጋይ ከየት እንደመጣ፣ አባቷ የቱ ጋ እንደተሳደቡ ታውቃለች። ሌላ ሰው የልጅነቱን አሻንጉሊት እንደሚያወራ እሷ ስለ ሴፕቲኩ ታወራለች። እንግዳ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ስለ ፍሳሽ ጉድጓድ ሰምቶ ይሄዳል።

አያቴ ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው «አንድ ጉድጓድ ነው የሠራሁላችሁ። ሁለት እንዳታደርጉት» አሏቸው። ነገሩ ቅኔ አይደለም። የመሬት ቢሮው አንድ ግቢ ለሁለት እንዲከፈል የሚፈቅደው እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ የፍሳሽ ማስወገጃ ሲኖረው ብቻ ነው። ሴፕቲኩ አንድ እስከሆነ ድረስ ግቢው አንድ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ቆርሶ መሸጥ አይችልም። ሽማግሌው ልጆቻቸውን በሲሚንቶ አስረዋቸው ሄዱ።

አክስቴ የምትተኛው በትልቁ ቤት ከኩሽናው ጎን ባለችው ክፍል ሲሆን የምትሠራው ጓሮ ነው። ሽንት ቤት ያለው ደግሞ ትልቁ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ግቢውን ታቋርጣለች፤ እጇ በቀለም ተነክሮ፣ በሩን በክርኗ እየከፈተች፣ ቀኝ ጉልበቷን እየረገመች። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከጎኗ ተቀመጠና ቃሏን አረዘማት።

«እታለ...ም፣ ለምን ጠቅልለሽ ወደ ጓሮ አትገቢም? ቤቷን እናድስልሽ፤ የራስሽ ሽንት ቤት ይኑርሽ። እስከ መቼ ትመላለሻለሽ?»

«ሽንት ቤቱ ወዴት ሊፈስ?»

«ከኋላ ትንሽ ጉድጓድ ቢጤ እናስቆፍርና...»

«አይሆንም» አለች። ብርጭቆዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «ከሴፕቲኩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ዛሬውኑ ልግባ። የራሴ ጉድጓድ ከሆነ ግን እዚሁ ከኩሽናው ጎን እሞታለሁ። አባባ ያሉትን ረሳኸው እንዴ?»

«ኧረ እንዴት እረሳለሁ! እሺ፣ ከሴፕቲኩ ጋር ይገናኛል።»

ቶሎ ነው እሺ ያለው። አባቴ በቶሎ እሺ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውሃልክ ተጠራ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ መሃሏ ላይ አረፋ ያላትን ውሃ ልክ እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ስለሚዞር ማንም እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራውም። ሥራ የጀመረው በአያቴ ሥር ነው፤ ሴፕቲኩ ሲገነባ ድንጋይ አቀብሏል። ግቢውን በሜትር ለካና ጉንጩን እያሸ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ሩቅ ነው። ሠላሳ ስምንት ሜትር።»

«ሩቅ መሆኑንማ ጉልበቴ ነግሮኛል። ይፈሳል ወይስ አይፈስም?»

«ፍሳሽ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ መውረድ አለበት፤ ስሎፕ የምንለው እሱ ነው። ካነሰ ይተኛል። ከበዛ ደግሞ ውሃው ይሮጥና... ሌላውን ጥሎት ይሄዳል።» «ሌላውን» ሲል እኔን አይቶ አፈረ። «ሠላሳ ስምንት በሁለት ሰባ ስድስት። የሴፕቲኩ አፍ ሰማንያ ሳንቲ ላይ ነው። እዚህ ጋ የሚተርፈኝ አራት ሳንቲ ነው። በአራት ሳንቲ ውስጥ የቱቦ ማጠፊያውን ኤልቦ አላስገባም። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ከፍ ይላል ማለት ነው። ሦስት ደረጃ።»

«በዚህ ጉልበት ሦስት ደረጃ?» አባቴ ጣልቃ ገባ። «እታለም፣ ከኋላ ቢሆን እኮ ደረጃም የለው፣ ጣጣም የለው፤ በሁለት ቀን አለቀ።»

«ሦስቱንም እወጣለሁ» አለች።

ቁፋሮው ሲጀመር የፕላስቲክ ወንበሯን ቦዩ ዳር ጣል አድርጋ ክር እያጠነጠነች ትውላለች። ቱቦ በተገጠመ ቁጥር ከውሃልክ ኪስ መለኪያዋን መዥረጥ አድርጋ ቱቦው ላይ ታጋድማታለች። አረፋዋ ወደ ጓሮው ሸሸት ካላለች ታስነቅለዋለች። «እትዬ፣ ሙያዬን ቀሙኝ እኮ» ይላታል። «አባባ እንዲህ ነው ያስተማሩህ?» ትለዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ። በአምስተኛው ቀን የመጨረሻው ቱቦ ሴፕቲኩ አፍ ውስጥ ሲገባ አጎንብሳ በዓይኗ አየች። ያየችው እውነት ነበር። ቱቦው በእርግጥም ገጥሟል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እስካሁን የሸሸሁትም ለዚሁ ነው። ሥራዬ ጸሐፊነት ነው። የመሬት ቢሮው ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰው ውልና ማመልከቻ በኮምፒዩተር እጽፋለሁ። ቁፋሮው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን አባቴ ረቂቅ ይዞ መጣ። ግቢው ለሁለት እንዲከፈል የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው፤ ከታች ሁለቱም የሚፈርሙበት ቦታ አለው። መካከሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የጓሮው ቤት ራሱን የቻለ የፍሳሽ ማስወገጃ ያለው በመሆኑ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ሊያዝ ይችላል።»

«ግን እኮ ከሴፕቲኩ ጋር ነው እየተገናኘ ያለው» አልኩት።

«የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። እታለምን የሚነካት ነገር የለም፤ ቤቷ ቤቷ ነው። እኛ የፊቱን ሸጠን ፎቅ ላይ እንገባለን። ላንቺም መስኮት ያለው ክፍል ይኖርሻል።»

የምተኛው በሁለት ክፍሎች መካከል፣ መስኮት በሌለው መተላለፊያ ውስጥ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጻፍኩት። ሳላሳምረው ልንገራችሁ፤ አክስቴን በመስኮት ለወጥኳት።

በስድስተኛው ቀን አክስቴ የቀለመችውን ክር ለሸማኔዎች ማኅበር ልታደርስ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ስድስት ቀን ቆየች። ቆፋሪዎቹ ከጓሮው ቤት ጀርባ ጉድጓድ ቆፈሩ። ውሃልክ ከሦስቱ ደረጃዎች ሥር ቱቦውን ቆረጠና በኤልቦ ወደ ኋላ አዞረው። የቀረውን ረጅሙን ቱቦ አፉን በክዳን ደፍኖ በነበረበት ተወው። ሲቆርጥ ቆሜ እያየሁ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ወደ መጋዙ ተመለሰ። ቦዩ ተሞላ፤ ላዩ ላይ እስከ ሴፕቲኩ ድረስ የሚያምር የንጣፍ መንገድ ተሠራ። አባቴ በአዲሱ ጉድጓድ ክዳን ላይ በቆርቆሮ የተተከለ ትልቅ አበባ አስቀመጠ።

አክስቴ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ተራመደችበት። ሦስቱን ደረጃ ወጥታ ገባች፤ የውሃው ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም በሩን ከፍታ እንደ ሙሽራ ቆመች። «አሁንማ ከእናንተ ጋር እየኖርኩ እቤቴ ነኝ!» አለች። ለውሃልክ ራሷ የቀለመችውን ደማቅ ብርቱካን ሻርፕ አምጥታለት ነበር። አንገቱ ላይ ራሷ ጠመጠመችለት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ዓይን አፋር መስሏት ሳቀችበት።

በሳምንቱ ወረቀቱን ለማስፈረም እኔ ነኝ የሄድኩት። አባቴ የላከኝ አስልቶ ነው። በርሜሏ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ መነጽሯ በቀይ የጣት አሻራ ተሸፍኗል።

«ምንድን ነው?»

«የካርታ ማደሻ» አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ልጄ የጻፈችውን ደግሞ ምን አነባለሁ» አለችና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፈረመች። ከፊርማዋ ጎን ትንሽ ቀይ ነጠብጣብ ቀረ። ቢሮው ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለው።

ወር ሳይሞላ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና መጣ። አባቴ የጠራው ለገዢው ንጹህ ሴፕቲክ ለማስረከብ ነበር፤ አክስቴ ግን ስለ ገዢ ምንም አታውቅም። የሴፕቲኩ ክዳን ሲነሳ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፤ ያ ጉልበት ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ቆይ፣ ቆይ! ሙልጭ አድርጋችሁ ምጠጡና ትንሽ ጠብቁኝ። ቀለሜ ሲመጣ ማየት አለብኝ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ ቱቦ ከቀበሩ በኋላ ሁልጊዜ ቀለም ለቀው ይጠብቁ ነበር። ከወዲያ አንድ ባልዲ ደፍተው፣ ከወዲህ እኔን ያቆሙኛል። ‹መጣ!› ብዬ ስጮህ ያጨበጭባሉ። ዛሬ አንቺ ድፊ፣ እኔ ልጩህ። ሰማያዊው ቀለም በርሜሉ ውስጥ አለልሽ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ባልዲውን ሞላሁ፤ ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ፤ ደፋሁ። እጄ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ከግቢው ማዶ አየኋት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ታያለች። በሆዴ ተአምር ተመኘሁ፤ ሰማያዊው ውሃ የተደፈነውን ቱቦ በሆነ መንገድ አልፎ እንዲደርስላት። ሰው ሲጨንቀው ከቱቦም ተአምር ይጠብቃል።

«አሁንም ጨምሪ!» ጮኸች።

ጨመርኩ።

«ሦስተኛ!»

የመኪናው ሠራተኛ ቧንቧው ላይ ተደግፎ «እማማ፣ መንገድ ላይ ሻይ እየጠጣ ይሆናል» አላት። ሳቀች። ከሦስተኛው ባልዲ በኋላ ግን አልሳቀችም። ሰዓቱን ጠየቀችው፤ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ውሃ ሠላሳ ስምንት ሜትር ለመውረድ አንድ ደቂቃ እንደማይፈጅበት ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ቀና አለችና በንጣፉ ላይ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። አልጮኸችም። ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ የቱቦውን መስመር እየተከተለች፣ ደረጃው ሥር ደረሰች፤ ቤቷን ዞረች፤ አበባው ፊት ቆመች። «ይሄን አበባ ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ቆርቆሮውን በእግሯ ገፋችው። አዲስ የሲሚንቶ ክዳን። የመኪናውን ሠራተኛ ጠርታ በብረቱ አስነሳችው።

ሦስቱም ባልዲ እዚያ ነበር። እንዴት ያለ ሰማያዊ ነበር!

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች፤ ገና ምንም ሳልል ግን እጆቼን ከኋላዬ ደብቄ ነበር።

«ያስፈረምሽኝን ወረቀት አምጪ» አለች።

ቅጂውን አመጣሁ። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አልወሰደችውም። «አንብቢልኝ።» አነበብኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ። «አልሰማሁሽም» አለች። «የጓሮው ቤት... ራሱን የቻለ የፍሳሽ ማስወገጃ ያለው በመሆኑ...» «ድገሚልኝ።» ደገምኩላት። የመኪናው ሠራተኛ ነገሩ ስለገባው ዞር ብሎ ሄደ።

«ይሄን የጻፍሽ ዕለት ቦዩ ተሞልቶ ነበር ወይስ ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነበር።»

«እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።»

«አዎ።»

«መለኪያዋን ይዤ።»

ወረቀቱን ለሁለት አጠፍኩት።

ውሃልክ ሲጠራ ሻርፑን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መጣ፤ ለምን እንደተጠራ አልተነገረውም። ክፍቱን ጉድጓድ ሲያይ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደና መለኪያዋን አውጥቶ እሷኑ ማየት ጀመረ። «እትዬ፣ ወንድምዎ ተስማምታለች ብሎኝ...» አለና አልጨረሰውም። ከዚያ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ስሎፑ ግን ልክ ነው። እስከ ሴፕቲኩ ያለው ቱቦ አሁንም ልክ ነው» አለ።

«ስሎፑማ ልክ ነው» አለችው። «የተጣመምከው አንተ ነህ።»

ሻርፑን ፈትቶ ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል «ያዘው። ቀለሙ አይለቅም» አለችው። ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አድርጎት አላየሁም።

አባቴ ከሥራ ሲገባ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። ገና ሲያያት ገብቶታል። «እታለ...ም» ብሎ ጀመረ።

«አታርዝማት» አለችው። «ያለ እኔ ፊርማ መሸጥ አትችልም ነበር። ብትጠይቀኝ ደግሞ እንቢ እልህ ነበር። እሱን ነው የፈራኸው። እንቢታዬን እንኳ ነፈግከኝ።»

አባቴ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ወረቀቱን ግን አላስመለሰም። ሰው እያለቀሰም የሚፈልገውን ይዞ መሄድ እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

ግቢው ተከፈለ። ግንቡ ሲሠራ ንጣፉን መሃል ለመሃል ቆረጠው፤ በአክስቴ በኩል ያለው መንገድ ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከሥሩ ሠላሳ ስምንት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ባዶ ቱቦ ሁለት ሳንቲ በሁለት ሳንቲ እየወረደ ዛሬም ተኝቷል። ግንበኞቹ ሲሠሩ አክስቴ አዲሱን ሽንት ቤት ቆልፋ እንደ ድሮዋ በቀን ስምንት ጊዜ እያነከሰች ወደ ትልቁ ቤት ትመጣ ነበር። «እንደምን ዋላችሁ» ትለናለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። ግንቡ ወገብ ሲደርስ በጎን ዞረች። መተላለፊያው ሲዘጋ መምጣቷን አቆመች። እኛም በሳምንቱ ለቀን ወጣን።

ክፍሌ መስኮት አለው። የሚያየው የሌላ ፎቅ ግድግዳ ነው፤ ቢሆንም መስኮት ነው።

ዓመት ሙሉ ልሂድ አልሂድ ስል ቆየሁ። በመጨረሻ በኋላው መንገድ ዞሬ በሯን አንኳኳሁ። ጥፍሯ አረንጓዴ ነበር። ግቢ አለችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳር ስንት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ሻዬን ያጣፈጠችው ሴት ስኳር ስንት ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራ አወራን፣ ስለ ክር መወደድ አወራን። ስለ አባቴ ጤና ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል በመንገድ ስለማመደው መጥቼ ነበር፤ ሻዩ አለቀ፣ ቃሉ ግን አፌ ውስጥ እንደቀረ ነው። «ልጄ» አላለችኝም። አንዴ እንኳ።

ልሄድ ስነሳ ሽንት ቤት መግባት እንደምፈልግ ነገርኳት። ክሯን ማጠንጠኗን ሳታቋርጥ በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተችኝ።

«ሂጂ» አለች፤ «ራሱን የቻለ ነው።»

ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ።